ለቡድን የእግር ጉዞ መሪዎች፦ ከደጀኑ ጀምሩ

ቅዳሜና እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ቦርሳ ያዘሉ ሰዎችን ጭነው ከአዲስ አበባ የሚወጡ ኮስተሮችና ሚኒባሶች ዛሬ ለከተማው እንግዳ አይደሉም። የባንክ ሠራተኛው፣ ነርሷ፣ መምህሩ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከኮምፒውተር ፊት ያልተነሣችው የሒሳብ ባለሙያ ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ የረር ወይም ወደ ወንጪ ይወጣሉ። ጥሪው በቴሌግራም ይለቀቃል፣ ክፍያው በሞባይል ይላካል፣ ማታ ፎቶው ይደርሳል። ቀኑን ሙሉ የሰዉን ደኅንነት ተሸክሞ የሚውለው ግን መሪው ነው። ይህን የምጽፈው ለእሱና ለእሷ ነው፤ በክፍያ ለምትመሩ፣ በበጎ ፈቃድ ለምትመሩ፣ እንዲሁም መሥሪያ ቤታችሁ «የሠራተኛውን የእግር ጉዞ አንተ አዘጋጅ» ብሎ ኃላፊነቱን ለሰጣችሁ።

አዲስ መሪ ብዙ ጊዜ ሥራውን መንገድ ማሳየት አድርጎ ይወስደዋል። መንገዱንማ ከእኛ ይልቅ የአካባቢው እረኛ ያውቀዋል። የመሪ ሙያ ጉልበታቸውም ልምዳቸውም የተለያየ፣ ብዙዎቹ እርስ በርስ የማይተዋወቁ አርባ ሰዎችን አንድ ላይ አውጥቶ አንድ ላይ መመለስ ነው። ይህን ሙያ የምንመዝነው ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ሰው አይተን ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። በጠባብ የእግር መንገድ ላይ አንድ ሰው ከፊቱ ካለው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ይሄዳል። አርባ ሰው ሲሆን ሰልፉ 80 ሜትር ይረዝማል፤ ይህም ማንም የጫማውን ክር ለማሰር ሳይቆም፣ ማንም ፎቶ ሳያነሣ ነው። ከዚያ ወንዝ ይመጣል። ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ለመሻገር ለአንድ ሰው 20 ሰከንድ ቢበቃው፣ የመጨረሻው ሰው ከመጀመሪያው 13 ደቂቃ ዘግይቶ ይሻገራል። ፊት ያለው መሪ ይህን አያይም። ዳገቱ ጫፍ ላይ ደርሶ ይቀመጣል፤ ፈጣኖቹ ውኃ ይጠጣሉ፣ ይጫወታሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። የመጨረሻዋ ሴት እያለከለከች ስትደርስ «በሉ ሁሉም መጥቷል፣ እንነሣ» ይባላል። ሩብ ሰዓት ያረፈው ዕረፍት የማያስፈልገው ሰው ሆነ፤ ዕረፍት የሚያስፈልጋት አንዲት ደቂቃ እንኳ አላገኘችም። በቀን አራት አምስት ጊዜ ይህ ሲደጋገም ከሰዓት በኋላ ጉልበቷ የሚከዳት ማን እንደሆነች ከወዲሁ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ሰው «ደካማ ሆና ነው» ይላል። ደካማ አይደለችም፤ ዕረፍቷን የወሰደባት የሰልፉ አመራር ነው።

ስለዚህ የዕረፍት ሰዓት መቆጠር ያለበት የመጨረሻው ሰው ቦርሳውን አውርዶ ከተቀመጠበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ፈጣኖቹ ቢያጉረመርሙ ምክንያቱን ንገሯቸው፤ ሰው ምክንያቱን ሲሰማ ይታገሣል። ሲነሡም ከኋላ የነበሩትን ወደ ፊት፣ ከመሪው ቀጥሎ አምጧቸው። ዝግ ብሎ የሚሄድ ሰው ፊት ሲሆን እርምጃው ይስተካከላል፤ ኋላ ሲሆን ግን በራቀው ጊዜ ሁሉ ለመድረስ ይሮጣል፣ ሩጫው ይጨርሰዋል።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ሹመት የደጀኑ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የብሪታንያ የእግር ተጓዦች ማኅበር መሪዎች ከኋላ አንድ ሰው መድበው ይወጣሉ፤ የእኛም ቡድኖች ሊለቁት የማይገባ ልማድ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ቦታ ለተረፈ ሰው ይሰጣል፣ «አንተ ከኋላ ሁን» ተብሎ ብቻ። ለደጀንነት ምረጡ ከተባልኩ ከቡድኑ ጠንካራውንና ትዕግሥተኛውን እመርጣለሁ፤ ከፊት ያለው ሰው አንድ ጊዜ የሚሄደውን መንገድ ደጀኑ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይሄደዋልና። የመጀመሪያ ዕርዳታው ቦርሳ እሱ ዘንድ ይሁን፤ የሚጎዳው ሰው ከኋላ ቀርቶ ሳለ መድኃኒቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ፊት መሆን የለበትም። ፊሽካ ይያዝ። አንድ ረጅም ፉጨት «ቁሙ»፣ ሁለት «ቀጥሉ»፣ በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ደግሞ በተራራ ወጪዎች ዘንድ በብዙ አገር የሚታወቀው የችግር ጥሪ ነው። ስልክ በየሸለቆው ይጠፋል፣ ፉጨት አይጠፋም።

ደጀኑ ማንንም ቀድሞ አይሄድም፣ ከእሱ ኋላም ማንም አይቀርም። ለመሽናት ዞር ያለ ሰው ካለ ደጀኑ ጀርባውን ሰጥቶ ይጠብቃል። መንገድ የሚገነጠልበት ቦታ ሲደርስ መሪው አንድ ሰው ያቆማል፤ የቆመው ሰው ከዚያ የሚንቀሳቀሰው ደጀኑን በዓይኑ ሲያይ ብቻ ነው። ቆጠራውንም መሪና ደጀን ለየብቻ ይቁጠሩ። እኔ ከቆጠራ ይልቅ ቁጥር መስጠትን እመርጣለሁ፦ ሰው ከመኪናው ሲወርድ ከአንድ እስከ አርባ ቁጥሩን ይይዛል፣ በየዕረፍቱ በተራ ይጠራል። ተራ ቆጠራ «አንድ ሰው ጎደለ» ብሎ ይተዋችኋል፤ በቁጥር ሲጠራ ግን «17 የለችም» ይላል፣ ከጎኗ የነበረው 18 ደግሞ መጨረሻ የት እንዳያት ይነግራችኋል።

ቅኝት ያልተደረገበት መንገድ ላይ ሰው ይዛችሁ አትውጡ። አምና የሄዳችሁበት መንገድ ዘንድሮ ሌላ ነው። ጥር ላይ ደርቆ ያያችሁት ወንዝ ነሐሴ ላይ ሰው ይወስዳል። በአጋምና በቀጋ አጥር ጥግ ያልፍ የነበረው መንገድ ታርሶ ይጠብቃችኋል፤ ጥላ ብላችሁ ያሰባችሁት የባሕር ዛፍ ተቆርጦ ለግንባታ ተጭኗል። ቅኝቱ ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይሁን፣ በክረምት ግን በዚያው ሳምንት። ደጀኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለታችሁም በስልካችሁ መንገዱን መዝግቡት። የስልክ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፣ ካርታው ግን ከቤት ሳትወጡ መውረድ አለበት።

በቅኝቱ ቀን ማስታወሻ ደብተር ያዙና ተራ የሚመስሉ ነገሮችን ጻፉ። ኔትወርክ የሚጠፋው የቱ ጋ ነው? አርባ ሰው የሚያስቀምጥ ጥላ የቱ ጋ ይገኛል? ሴቶች ሳይጨነቁ ዞር የሚሉበት ቁጥቋጦ ወይም ገደል ሥር በየስንት ሰዓቱ ይገኛል? ይህን የመጨረሻውን ብዙ ወንድ መሪዎች ይረሱታል፤ ሴቶቹ ደግሞ ላለመቸገር ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ፣ ከሰዓት ራሳቸውን ያዞራቸዋል። መኪናው መንገዱ መሐል ላይ ሊደርስ የሚችልበት ቦታም ፈልጉ፤ የደከመ ሰው ከዚያ ተጭኖ ይመለሳል እንጂ እስከ መጨረሻው መጎተት የለበትም።

አፈሩንም እዩ። መረሬ ሲደርቅ እየተሰነጣጠቀም ቢሆን ያስኬዳል፤ ሲርስ ግን ከጫማ ሥር እየተለጠፈ እያንዳንዱን እርምጃ ያከብዳል፣ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ሜዳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይበላል። በበጋ ደግሞ የባሕር ዛፍ ደረቅ ቅጠልና ጠንካራ ፍሬው ቁልቁለት ላይ ከጫማ ሥር ይንከባለላል፤ እንጦጦን ሲወርዱ የሚወድቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በዚህ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ወደ ኋላ ከመለጠጥ ይልቅ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ አጭር አጭር እርምጃ እንዲሄድ አስቀድማችሁ አሳዩት።

ከቅኝቱ ጋር የሚሄደው የፈቃድና የጸጥታ ጉዳይ ነው። ወደ ወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የምትሄዱበትን ቀን፣ የሰዉን ብዛት፣ የመኪናውን ታርጋ ጽፋችሁ ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁ። ሦስት አራት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱን ለቀበሌው ሊቀ መንበር፣ አንዱን በኬላ ለሚያቆማችሁ፣ አንዱን ለሹፌሩ። በዋዜማው ማታ እንደገና ደውሉ። ጸጥታው አያስተማምንም የተባለ እንደሆነ ጉዞውን ሰርዙ፣ ገንዘቡንም መልሱ። «ባለፈው ሳምንት ሌሎች ሄደው ነበር» የሚለው ወሬ በምንም መልኩ ዋስትና አይሆንም። በዚህ ጉዳይ የሚደራደር መሪ ሥራውን ቢተው ይሻላል።

የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ዋጋውን ደግሞ በቅኝቱ ቀን ተነጋግራችሁ ጨርሱ። የጉዞው ቀን ሰው ፊት መከራከር ለእሱም ለእናንተም ውርደት ነው። ወንጪ ላይ ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ፈረስና አስጎብኚ በተራ ያቀርባሉ፤ ተራውን ጥሳችሁ የለመዳችሁትን ልጅ ብትመርጡ በቀጣዩ ጉዞ የሚቀበላችሁ ቅሬታ ነው። የወንጪ መንደር በ2021 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፤ እንግዳ ከበዛ ወዲህ ተራው ለነዋሪው የበለጠ ትርጉም አለው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። 12 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 600 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ በዚህ ስሌት 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ግን ለለመደ ሰው፣ ያለ ዕረፍት ነው። ለቅይጥ ቡድን፣ በእኛ ከፍታ ላይ፣ ግማሹን ጨምሩበት፤ 5 ሰዓት አለፍ ይላል። የምሳውን 45 ደቂቃ ስትጨምሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት መራመድ የጀመረ ቡድን መኪናው ጋ የሚደርሰው ወደ 9 ሰዓት ነው። በአዲስ አበባ አካባቢ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው መሐል ነው፣ ጨለማውም ወዲያው ነው የሚወርደው። እንግዲህ በእጃችሁ ያለው መጠባበቂያ 3 ሰዓት ነው። ሰው ቢጎዳ፣ ወንዝ ቢሞላ፣ መኪና ቢበላሽ የምትጠቀሙት ይህንኑ ነው።

ይህን መጠባበቂያ ጠዋት በከተማ ውስጥ አትጨርሱት። የሐበሻ ቀጠሮ ብዙ ጉዞ አበላሽቷል። መነሻው 12 ሰዓት ተኩል ከተባለ መኪናው 12 ከ45 ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ይህን በጥሪው ላይ ጻፉት፣ የዘገየ ሰው ገንዘቡ እንደማይመለስም አስታውቁ፣ ከዚያ ፈጽሙት። አንድ ጊዜ ከፈጸማችሁት በቀጣዩ ሳምንት ሁሉም በሰዓቱ ይገኛል።

በጥሪው ላይ ስለ ውበቱ የምትጽፉትን ያህል ስለ ልፋቱ ጻፉ። «ቀላል ጉዞ» ማለት ለማንም ምንም አይነግርም። ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሜትር አቀበት፣ ከፍተኛው ቦታ ስንት ሜትር እንደሆነ ግለጹ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000፣ የወጨጫ ጫፍ ደግሞ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። የከተማው ነዋሪ ለምዶታል። ከዱባይ ወይም ከቤይሩት ለዕረፍት የመጣች እኅት ግን ትናንት የተነሣችው ከባሕር ዳርቻ ነው፤ በደረሰች ማግስት ወጨጫ ላይ ብትወጣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይይዛታል። ጥቂት ቀን ከተማው ውስጥ ቆይታ እንድትመጣ ምከሯት፤ ራስ ምታቱ እየባሰባት ከሄደ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው።

ሲመዘገቡ የጤናቸውን ሁኔታ ጠይቁ፣ መልሱንም ከመሪና ከደጀን ሌላ ማንም አያየውም በሏቸው። አስም ያለበት ሰው መተንፈሻ መድኃኒቱን በኪሱ ይያዝ፤ መኪና ውስጥ የተቀመጠ መድኃኒት የለም ማለት ነው። ስኳር ያለበት ሰው የሚበላበትን ሰዓት ለደጀኑ ይንገር። ጫማን በተመለከተ ውድ ጫማ አያስፈልግም፤ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ እግር የለመደው ጫማ ይበቃል። ለጉዞው ሲባል ቅዳሜ ተገዝቶ እሑድ የተደረገ አዲስ ጫማ ግን ተረከዝ ይልጣል። ተረከዝ መጋል ሲጀምር፣ ገና ውኃ ሳይቋጥር፣ ሰው ደፍሮ እንዲናገርና ፕላስተር እንዲለጠፍበት አስተምሩ። ሰው ቡድኑን ላለማቆም ብሎ ዝም ይላል፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መጨረሻ ላይ ሆን ብላችሁ ቁሙና «ጫማ የሚነካው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ሁለት ሊትር ውኃ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ዳቦ፣ ኦቾሎኒ ይበቃል። በሶ ከሁሉም ይበልጣል፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በውኃና በትንሽ ጨው ተበጥብጦ ቶሎ ኃይል ይሰጣል። ጭኮ ቅቤ አለበትና በጾም ወቅት ለሁሉም የሚታደል አታድርጉት፤ ዓቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድም የጾም ምግብ ነው የሚበላው። ረመዳን ላይ ደግሞ ጾመኛ አባላት ካሉ አጭርና ጥላ ያለው መንገድ ምረጡ፣ አለዚያ ወሩን በሙሉ ከቡድኑ ትለዩአቸዋላችሁ።

በሙያው ውስጥ ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው የምታልፉበትን መሬት ባለቤት ነው። ለእኛ የዕረፍት ቦታ የሆነው ለእሱ የሥራ ቦታ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ገበሬ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ መሪው ቢያንስ ጠዋት «አካም ቡልተን» ብሎ ማደሩን መጠየቅ፣ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን አለበት። አርባ ሰው ሰላም ሳይል በደጁ ሲያልፍበት የሚሰማውን አስቡት። ሰላምታ ስትሰጡ ቆማችሁ ስጡ፤ ገጠር ውስጥ እየሄዱ ሰላምታ ጥድፊያ ነው።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ማሳው ቆሟል። ጤፍ ለስላሳ ነው፣ አንዴ ከተረገጠ ይተኛል፤ አንድ ሰው ለፎቶ ብሎ ሦስት እርምጃ ከገባ ሌሎች አሥር ይከተሉታል። በድንበሩ ላይ በአንድ መስመር እለፉ። እርከን ላይ አትውጡ፤ ገበሬው በበጋ ወራት በድንጋይ የካበው፣ አፈሩን ከጎርፍ የሚያድንለት ነው፣ ጠርዙ ላይ የተረገጠ እርከን በቀጣዩ ዝናብ ይናዳል። በአጨዳ ማግስት ዐውድማ ስታገኙ በዳር እለፉ፤ በጫማ መርገጥ ነውር የሆነበት አካባቢ ብዙ ነው። ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ሲከተሏችሁ ባዶ ጠርሙስ አትወርውሩላቸው፤ ለመሻማት እርስ በርስ ይጋፋሉ፣ ከገደል አፍ የሚወድቅም አለ። ሰብስባችሁ ለአንድ እናት በእጇ ስጧት፤ ውኃ ትቀዳበታለች። ከረሜላና ሳንቲም ማደልን ከልክሉ፤ ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ መንገድ ዳር እንዲውል ያደርጋል። ሰው ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ አይሆንም ካለ አይሆንም።

ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም ካለበት መንገድ ላይ የበዓል ቀኑን እዩ። ዝቋላ አቦ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 በምእመናን ይጥለቀለቃል፤ በዚያ ቀን የሚሄድ ሰው ለንግሥ ይሂድ እንጂ በሙዚቃና በስፖርት ልብስ አይሂድ። በሌላውም ቀን ቢሆን ነጠላ የያዙ ሴቶች፣ ሱሪያቸውን ዝቅ ያደረጉ ወንዶች አክብሮት ያገኛሉ። በየመንገዱ ድምፅ ማጉያ መክፈትን በጭራሽ አልፈቅድም፤ መናገሻ ሱባ ድረስ ሄዶ ጉሬዛና ድኩላ ሳያይ የሚመለስ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጫጫታው ነው።

የመንደር ውሾች ሥራቸውን ነው የሚሠሩት። ሲመጡባችሁ ተጠጋጉ፣ አትሩጡ፣ ጎንበስ በሉ፤ ድንጋይ ሳታነሡም ብዙዎቹ ይመለሳሉ። ባለቤቱን ጥሩት። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ሩብ ሰዓት ሙሉ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተሰጠ ያድናል።

ከሚያዝያ እስከ መስከረም መብረቅን አስቡ። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ከ7 ሰዓት በፊት ከተራራው ጫፍ ውረዱ። ብልጭታውን አይታችሁ እስከ ነጎድጓዱ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ሳይሞላ ከሰማችሁ ከጫፉና ከብቸኛ ዛፍ ሥር ርቃችሁ፣ ሰዉን በየሃያ ሜትሩ በትናችሁ፣ እግራቸውን ገጥመው ቁጢጥ እንዲሉ አድርጉ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። የሞላ ወንዝ አይደፈርም። ላይኛው አገር የዘነበ ዝናብ እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ይደርሳል፤ ውኃው ድንገት ከደፈረሰና ቅጠል ይዞ መምጣት ከጀመረ የተሻገረው በተሻገረበት፣ ያልተሻገረው ባልተሻገረበት ይቁም። ቡድኑ ለሁለት መከፈሉ ያሳስባል፤ መሪው በአንዱ በኩል፣ ደጀኑ በሌላው በኩል መሆናቸው የሚጠቅመው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው።

ወለምታ የተለመደው ጉዳት ነው። «ላሽህ» የሚል ደግ ሰው ከመሐል አይጠፋም፤ አትፍቀዱለት። የተሰበረ ይሁን የዞረ በመንገድ ላይ አይታወቅም። በፋሻ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ አራት እርምጃ መሄድ ካልቻለ እንደ ስብራት ቁጠሩት። ለመሸከም ሁለት ጠንካራ አጣናና አንድ ጋቢ ቃሬዛ ይሆናል፤ የአካባቢው ሰው ሕመምተኛን በቃሬዛ ማውረድ ከእናንተ የተሻለ ያውቅበታል፣ እርዳታ ጠይቁ። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ከከተማ ስትወጡ ግን የቅርቡን ጤና ጣቢያ ስልክ በቅኝቱ ቀን መያዝ አለባችሁ።

የመመለሻ ሰዓት ከቤት ስትነሡ ወስናችሁ ለሁሉም ተናገሩ፦ «7 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን እንመለሳለን።» ጫፉ ሃምሳ ሜትር ሲቀረው መመለስ ለመሪ ከባድ ነው፤ ሰው ከፍሎ መጥቷል፣ ፎቶውን ይፈልጋል፣ ፈጣኖቹ «እኛ ደርሰን እንምጣ» ይላሉ። አትክፈሏቸው። ጠዋት የተነገረ ሰዓት የግል ውሳኔ መስሎ አይታይም፣ ክርክሩም ያጥራል።

ገንዘቡን በግልጽ ያዙ። የመኪናው ቀብድ፣ የቅኝቱ ወጪ፣ የመግቢያ ክፍያ፣ የአስጎብኚው፣ የምሳው፣ ከዚያም ለድንገተኛ የሚቀመጥ አንድ አሥር በመቶ፤ ይህን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሰኞ ዕለት ለአባላቱ ላኩ። የእናንተንም የድካም ዋጋ አትደብቁት። የመሪ ድካም ዋጋ አለው፤ «ትራንስፖርት» በሚለው ውስጥ ተሸሽጎ ሲገኝ ግን ሐሜት ይሆናል። በክፍያ በቋሚነት የምትሠሩ ከሆነ ወደ ከተማው ንግድ ቢሮና ቱሪዝም ቢሮ ሄዳችሁ ስለ ፈቃዱና ስለ ግብሩ ጠይቁ፤ አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።

አዲስ መሪ ስታሠለጥኑ ፊት አታስቀምጡት። ጥቂት ወራት ደጀን ይሁን። ከኋላ ሆኖ የማን እርምጃ መቼ እንደሚያጥር፣ ወሬ ሲቆም ድካም መጀመሩን፣ ዝም ያለችው ልጅ ቦርሳዋ ትከሻዋን እየቆረጣት እንደሆነ ማየት ይማራል። ከዚያ አንድ እሑድ ቦታ ተለዋወጡ፤ እሱ ይምራ፣ እናንተ ከኋላ ሁኑ፣ አደጋ ካልሆነ በቀር አፋችሁን ዝጉ። ማታ በመኪናው ውስጥ አጠገቡ ተቀመጡና የቱ ዕረፍት ላይ የመጨረሻው ሰው ሳይቀመጥ እንደተነሣ ንገሩት።